ከቄሱ መብል ቤት ግድግዳ በስተጀርባ

ፖፖ በመድፋት በኦርልቢ አጥቢያ እኔን የሚያህል የለም። ማንም እንዳይስቅ። በቄሱ ቤት አምስት መኝታ ቤት፣ አምስት ፖፖ፣ አንዳንዱም እስከ አፉ የሞላ፤ እኔ ኬዚያ ዳውስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሁሉንም ደፍቼ፣ አለቅልቄ፣ ከየአልጋው ሥር መልሼ፣ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ሻዬን እጠጣለሁ። ከእኔ በፊት የነበረችው ሱዛን እስከ ሦስት ሰዓት ትጎተት ነበር አሉ፤ ያውም ደረጃው ላይ እያንጠባጠበች። እኔ አንድ ጠብታ አላንጠባጥብም። ዕድሜዬ አሥራ አምስት ነው፣ ትምህርት ቤት የቆየሁት አራት ዓመት ብቻ ነው፤ ግን ጭንቅላት ላለው ሰው አራት ዓመትም ይበዛዋል።

ሥራው ያስጠላል፤ አልዋሽም። የቄስ ከሌላው ሰው ይሻላል ብሎ የሚያስብ ካለ ይምጣና ያሽተው። የቄስ ሃለት የከረመ ቢራ ይሸታል። የእሜቴ፣ ማለት የሚስታቸው፣ የጽጌረዳ ውሃ ይርከፈከፍበታል፤ ከጽጌረዳው ጋር አብሮ ሲገማ ይብሳል። የእሜቴ እናት የሚወዱት የተቀቀለ ሽንኩርት ነው፤ ከዚህ በላይ አልናገርም። ሁለቱ ሴቶች ልጆች ደግሞ የበሉትን የፖም እምብርት እዚያው ውስጥ ይጥላሉ። እጄን ከትቼ የማወጣው እኔ ነኝ።

ቤቱም ያው ነው። ሰው ከመንገድ ሲያየው አንድ ያማረ ነጭ ቤት ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን አንዱ በሌላው ላይ የተለጠፈ ሦስት ቤት ነው። ከኋላ ያለው፣ ወጥ ቤቱና የጓሮ ደረጃው፣ የሦስት መቶ ዓመት ድንጋይ ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው ክረምት ከበጋ እንደ ታመመ ሰው የሚያልበው። ሀብታም ያገባ አንድ የድሮ ቄስ ከፊቱ ነጭ ግንባር ገጠመለት፣ ባለ ዘጠኝ መስኮት። ከዘጠኙ ሁለቱ መስኮት አይደሉም፤ ግራና ቀኙ እኩል እንዲመስል ብለው ግድግዳው ላይ በጥቁር ቀለም የሣሏቸው ናቸው። እኔም በመጣሁ በሳምንቴ ልወለውላቸው መሰላል ተሸክሜ ወጥቼ፣ አትክልተኛው ለመንደሩ ሁሉ አውርቶብኛል። ሦስተኛውን የለጠፉት የእኛው ቄስ ሃለት ናቸው። አዲስ መብል ቤት ነው፣ ባለፈው በጋ ያለቀ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሾጣጣ መስኮት ያለው፣ መስታወቱ ቀይና አረንጓዴ። ፕላኑን ራሳቸው ነው የሣሉት። ቀን ፀሐይ ሲገባበት የበጉ ሥጋ አረንጓዴ፣ የእሜቴ አፍንጫ ቀይ ይሆናል። አንደኛው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በእንጨት ተለብጦ፣ ለበጣው ላይ በወርቅ ቀለም «እግዚአብሔር ቸር እንደ ሆነ ቅመሱ እዩም» ተብሎ ተጽፏል።

የፍጥነቴን ነገር ልንገራችሁ። ከጓሮ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ትንሽ የእንጨት መዝጊያ አለች። ስትከፈት ከድንጋይ የተፈለፈለ ገንዳ ይታያል፤ በገንዳው ጫፍ ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ግድግዳውን በስቶ ወደ ውጭ ያልፋል። አክስቴ ዶርካስ በድሮው ቄስ ጊዜ እዚህ ቤት ገረድ ነበረች፤ የነገረችኝ እሷ ናት። «ባልዲ ተሸክመሽ ግቢውን አቋርጠሽ፣ የአሳማውን ጋጥ አልፈሽ፣ እስከ ጉድጓዱ በውርጭ አትሂጂ» አለችኝ። «እዚያ ቀዳዳ ላይ ድፊው። ቦዩ ውስጥ ይወርዳል፣ ዝናብ ይወስደዋል።» በመስከረም መጨረሻ ከተቀጠርሁ ጀምሮ እንዲሁ ሳደርግ ኖርሁ። ለማንም አልተናገርሁም። ጎበዝ ሰው ምስጢሩን አያካፍልም።

ሽታው በአዲሱ መብል ቤት የጀመረው በጥቅምት ነው። መጀመሪያ የሞተ አይጥ መሰለን። በኅዳር ምድጃው በየቀኑ መንደድ ሲጀምር ሽታው እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ጠዋት ልጠርግ ስገባ ዓይኔን ያቃጥለኛል። ጣፋጭም ጎምዛዛም የሆነ፣ ምላስ ላይ ሄዶ የሚቀመጥ፣ ከወጣሁ በኋላ ፀጉሬ ውስጥ ተከትሎኝ የሚወጣ ክርፋት ነበር። ቤተሰቡ በአንድ እጁ አፍንጫውን ይዞ በአንድ እጁ መብላት ለመደ። የእሜቴ እናት ብቻ አፍንጫቸው ከሞተ ቆይቷልና ሁለት ሁለት ሳህን ያነሡ ነበር።

እሜቴ ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም። የመብል ቤቱ ጎረቤት ወጥ ቤቱ ነው፤ ወጥ ቤት ያሉት እትዬ ፔል ናቸው፤ አለቀ። እትዬ ፔል በዚህ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ያበሰሉ፣ ስድሳን ያለፉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። እኔን «አፏ ረጅም ነው» ብሎ ሁሉም ቤት ሲመልሰኝ የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ከሌላው ገረድ የበለጠ ስብ ዳቦዬ ላይ ይቀቡልኛል፤ ለምን እንደሆነ ነግረውኝ አያውቁም።

ሰኞ ጠዋት እሜቴ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ወጥ ቤት ገቡ።

«ፔል፣ ሐሙስ ሊቀ ዲያቆኑ አዲሱን መብል ቤት ሊያዩ ለምሳ ይመጣሉ።»

«አውቃለሁ እሜቴ። በግ ነው ያሰብኩት።»

«እኔ የማስበው ስለ ቱቦሽ ነው። ስለዚያ የጎመን ውሃሽ፣ ስለዚያ ሳምንት ስለምትሰቅይው ጥንቸል። ቤቴ እንደ ቄራ ሸተተ።»

«ቱቦዬ ንጹሕ ነው፣ እሜቴ።»

«እንግዲያው ሐሙስ እናያለን። ሽታው ካለ የገና በዓል ሳይገባ ትወጫለሽ። የጠባይ ወረቀትም ከእኔ አትጠብቂ።»

የጠባይ ወረቀት የሌላትን የስድሳ ዓመት ወጥ ሠሪ ማን ይቀጥራታል? ከዚህ ቤት በር ቀጥሎ ያለው የድሆች መጠለያው በር ነው። እትዬ ፔል ይሄን ያውቃሉ። ሶዳና ኮምጣጤ አወጡና በጉልበታቸው ተንበርክከው የዕቃ ማጠቢያውን ቱቦ መፈግፈግ ጀመሩ።

«አይዞዎት እትዬ» አልኳቸው። «ሽታውን እኔ አገኘዋለሁ። አፍንጫ አለኝ።»

«አፍንጫሽንስ አውቀዋለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ውሎው ሰው ጉዳይ ውስጥ ነው።»

ማክሰኞ ጋሽ ጆብ ክሬን መጣ። አናጢ ነው፤ መብል ቤቱን የሠራው እሱ ነው። የወለሉን ሳንቃ አንሥቶ የሞተ ነገር ካለ እንዲፈልግ ቄሱ አስጠርተውት ነበር። እኔ ሻማ እንድይዝለት ተላክሁ። ሦስት ሳንቃ አነሣ። አቧራና አንድ የደረቀ ሸረሪት ብቻ ነበር።

«እዚህ ምንም የለም» አለ አፍንጫውን በክርኑ ሸፍኖ። «ይሄ ደግሞ የአይጥ ሽታ አይደለም። ትልቅ ነገር ነው። የእሜቴን እናት ዛሬ ያያቸው አለ?»

«ቁርስ ላይ ነበሩ። ሦስት እንቁላል በልተዋል።»

«እንግዲያስ እሳቸው አይደሉም።»

ለበጣውን በመዶሻው እጀታ አንኳኳው። ባዶ ባዶ አለ።

«ከኋላው ምን አለ ጋሼ?»

«የድሮው ቤት ግድግዳ። እርጥብ ስለሆነ እንጨቱን አላስጠጋንበትም፤ አየር እንዲያገኝ ብለን መሐሉን ስንዝር ተኩል ለቀቅን፣ ከታች እስከ ጣሪያ።»

«ግድግዳው ደህና ነው?»

«ከላይ በኩል አንዲት ቀዳዳ አለችበት፣ በጓሮ ደረጃው ልክ። የድሮ ሰዎች ቆሻሻ ይደፉባት ነበር መሰለኝ። ልድፈናት ወይ ብዬ ቄሱን ጠየቅሁ። ፕላናቸውን ዘረጉና በጣታቸው ፈልገው ፈልገው ‹እዚህ ላይ ቀዳዳ የለም› አሉኝ። ግድግዳው ላይ አለ ብላቸው፣ ‹ፕላኑ ላይ የለም›። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኔም ተውኩት። በዚህ ዘመን ማን ይደፋባታል?»

ሻማውን ከፊቴ አራቅሁት።

«ምነው፣ ፊትሽ ተለወጠ?» አለኝ።

«መስታወቱ ነው ጋሼ። እዚህ ክፍል ውስጥ ሁሉም ሰው አረንጓዴ ነው።»

ሳንቃውን መልሶ እስኪሄድ ጠበቅሁ። ከሄደ በኋላ አንድ ማሰሮ ውሃ ቀዳሁ። ለነጭ ልብስ የምንጨምረውን ሰማያዊ ዱቄት አንድ እፍኝ በጠበጥሁበት። ወጥቼ ቀዳዳው ላይ ደፋሁና እየሮጥሁ ወረድሁ። ጆሮዬን ለበጣው ላይ ለጠፍሁ። ከውስጥ አንድ ነገር እያዘገመ ይወርዳል፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ እንደ ወፍራም ገንፎ ጵሎቅ። ትንሽ ቆይቶ ከእንጨቱ ሥር፣ ልክ «ቅመሱ» ከሚለው በታች፣ ሰማያዊ ያለበት ቡናማ ነገር ምላሱን አወጣ። በሽርጤ ጠረግሁት። ከዚያ ሽርጤን አየሁትና እውጭ ወጥቼ አስታወክሁ።

አሥር ሳምንት። በቀን አምስት ፖፖ። ሒሳብ እችላለሁ፤ ያን ቀን ባልችል ደስ ባለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ የቤተሰቡን ጉድ ቦይ ውስጥ የላክሁ መስሎኝ፣ ከሚበሉበት ወንበር ጀርባ፣ ስንዝር ተኩል ላይ፣ እንደ ጡብ ደርድሬላቸው ነበር። እነሱም ከዚያ ጋር ጸሎት አድርሰው ሾርባ ይጠጣሉ። እነሱ ቀፈፉኝ፤ ቤቱ ቀፈፈኝ፤ እኔም ለራሴ ትንሽ ቀፈፍሁ።

መናገር ነበረብኝ። ግን ብናገር የምባረረው እኔ ነኝ፤ የጠባይ ወረቀት የማይሰጠው ለእኔ ነው። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አሰብሁ፤ ከእንግዲህ አልደፋበትም፣ ሁለት ቀን ሲደርቅ ሽታው ይቀንሳል፣ ሊቀ ዲያቆኑ በልተው ይሄዳሉ፣ ማንም ምንም አያውቅም። ጥሩ ዘዴ ይመስል ነበር።

ረቡዕ እትዬ ፔልን ቱቦው ላይ ተንበርክከው አገኘኋቸው። ሶዳው እጃቸውን ሰነጣጥቆት ስንጥቁ ውስጥ ደም ይታያል። ጥንቸሎቹን ለአትክልተኛው ሰጥተዋቸዋል፤ የጎመኑን ድስት እውጭ አውጥተውታል።

«አንቺ አፍንጫ አለኝ ባይ» አሉኝ። «እስቲ ሂጂና መብል ቤቱን አሽትተሽ ነይ። ተሻለው?»

ሄድሁ፣ ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ፣ ተመለስሁ።

«ተሽሎታል፣ እትዬ።»

«እውነትሽን ነው?»

«በጣም ተሽሎታል።»

እንደገና ሶዳ ጨመሩ፤ ከተሻለውስ ጨርሶ እንዲጠፋ ብለው።

ሐሙስ ሊቀ ዲያቆኑ መጡ። ሥራቸው በየአጥቢያው እየዞሩ የቄሶችን ቤትና ቤተ ክርስቲያን ማየት ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ወፍራም ሽማግሌ ናቸው፤ ያገኙትን ግድግዳ ሁሉ በከዘራቸው ጫፍ እያንኳኩ ገቡ። ቄስ ሃለት የሾጣጣ መስኮታቸውን ነገር ሲያወሩ እሳቸው «ጥሩ፣ ጥሩ» ይላሉ፤ ዓይናቸው ግን ምሳው ላይ ነበር። እሜቴ ለክብራቸው ብለው ምድጃው እስከ ጉሮሮው በእንጨት እንዲሞላ አዘዙ።

ሾርባው ሲቀርብ ክፍሉ ግሎ ነበር። ሽታውም ተነሣ። ወንበር ስቦ እንደ ሰባተኛ ሰው ከማዕዱ ተቀመጠ። በእነዚያ ሁለት ቀኖች ምንም አልቀነሰም፤ እንዲያውም በስሎ ነበር። ሊቀ ዲያቆኑ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ሃለት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ቄሱ ጣሪያውን አዩ። እሜቴ ግን ተዘጋጅተው ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልን፣ ወጥ ቤታችን ነው። ሴትዮዋ አርጅታለች፣ ንጽሕናውን ትታዋለች። ኬዚያ፣ ፔልን ጥሪያት።»

እትዬ ፔል ንጹሕ ሽርጥ ታጥቀው መጡ፣ እጃቸውን ከሽርጡ ሥር ደብቀው።

«እስቲ በሊቀ ዲያቆኑ ፊት ንገሪን» አሉ እሜቴ፤ «ያን ቱቦ ለመጨረሻ ጊዜ ያጠብሽው መቼ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት። ትናንት ሁለት ጊዜ። ከትናንት ወዲያም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

እትዬ ፔል ክፍሉን አየት አደረጉ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ የተሻለው ነገር የት ሄደ እንደሚል ሰው። «አላውቅም እሜቴ» አሉ።

«እኔ ግን አውቃለሁ። ቅዳሜ ሻንጣሽን ይዘሽ ውጪ።»

የድንች ሳህን ይዤ ከእሜቴ እናት ጀርባ ቆሜ ነበር። ምን እንደገፋኝ አላውቅም፤ ድንቹ ላይ አረንጓዴው ብርሃን አርፎ ሳየው አፌ ተከፈተ።

«የእትዬ ፔል አይደለም» አልኩ። «የእናንተ ነው።»

«ምን አልሽ?» አሉ እሜቴ።

«ከዚያ ጽሑፍ ጀርባ ያለው። የአምስታችሁም ነው። አሥር ሳምንት ከጓሮ ደረጃው ቀዳዳ ስደፋው ነበር፤ ቦይ ውስጥ የሚወርድ መስሎኝ። ግን ቦዩ ላይ ይሄ ክፍል ተሠርቶበታል።»

አንደኛዋ ልጅ ፎጣ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። የእሜቴ እናት «ምን አለች?» ብለው ጠየቁ።

ሊቀ ዲያቆኑ ተነሡ፣ ለበጣውን በከዘራቸው አንኳኩ፣ ጆሯቸውን አዘነበሉ። «አናጢውን ጥሩልኝ» አሉ።

ጋሽ ጆብ መጥቶ ከወርቁ ጽሑፍ በታች ያለውን ሳንቃ በመፈልቀቂያ ነቀለው። ያየሁትን ሁሉ አልጽፍም። ግድግዳው ከታች እስከ ወገቤ ድረስ ጥቁር ነበር፣ ያብረቀርቃል፣ ላዩ ላይ የእኔው ሰማያዊ ተዘርግቷል፣ መሐሉ ላይ የፖም እምብርቶች እንደ ዘቢብ ተሰክተውበታል። ይንቀሳቀስ ነበር፤ ምን እንደሚያንቀሳቅሰው ተጠግቼ አላየሁም። ቄስ ሃለት መስኮት ሊከፍቱ ሮጡ፤ ሾጣጣው መስኮት ግን እንዲከፈት ተደርጎ አልተሠራም።

«ፕላኑን የሣለው ማን ነው?» አሉ ሊቀ ዲያቆኑ።

«እኔ ነኝ» አሉ ቄሱ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡ።

«የድሮውን ግድግዳ ዞረህ አይተኸው ታውቃለህ?»

ጋሽ ጆብ ኮርኒሱን ያየ መሰለ፤ ሳቁ ግን ሊያመልጠው ነበር።

«እኔ በዕድሜዬ ብዙ የቄስ ቤት አይቻለሁ» አሉ ሊቀ ዲያቆኑ። «ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ይገማል። የሚለየው ማን ላይ እንደሚላከክ ነው። በጉን ወዲያ ወደ ሳሎን አምጡልኝ፤ ወጥ ሠሪዋም ትቆይ፣ ሾርባዋ ምንም አልነበረበትም።»

በእሳቸው ፊት እሜቴ ምን ይበሉ? እትዬ ፔል እንደሚቆዩ እዚያው ተነገረ። እሜቴ ወደ እኔ ዞረው «ይቺ ግን አሁኑኑ ትውጣ» ሲሉ ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ታዲያ ያንን ማን ይጥረገው?» አሉ። ስለዚህ እኔም ቆየሁ። ለበጣው እስኪጸዳ ድረስ፣ ከዚያ በኋላ ይታያል ተባለ።

ከምሳ በኋላ በባልዲ ስመላለስ ዋልሁ። አሁን ያን ሁሉ፣ የአሳማውን ጋጥ አልፌ፣ እስከ ጉድጓዱ። ጋሽ ጆብ አካፋ ያቀብለኛል፣ አፉን በጨርቅ አስሮ። ክንዴ እስከ ክርኔ፣ ጫማዬ፣ የፀጉሬ ጫፍ ሳይቀር ሸቷል። አንዱ ትል እጅጌዬ ላይ ሲሄድ አገኘሁት። ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ እትዬ ፔልን ያዳንሁ እኔ ነኝ። በሁሉም ፊት፣ ድንች ይዤ፣ ለሊቀ ዲያቆን። እንዲህ ያለ ነገር የምትደፍር ገረድ በዚህ ወረዳ አትገኝም።

ስድስተኛውን ባልዲ ስወስድ እትዬ ፔል ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፣ እጃቸውን በቅባት ጨርቅ ጠቅልለው። አመሰግናለሁ እስኪሉ ጠበቅሁ። አላሉም። ቢያንስ ብልሃቴን ይወቁት ብዬ ልነግራቸው ጀመርሁ።

«ዝም ብዬ የገመትሁት አይደለም እትዬ» አልኳቸው። «ፈትኜ ነው ያረጋገጥሁት። ሰማያዊውን በውሃ በጥብጬ ከላይ ደፋሁ፣ ከታች ሄጄ ጠበቅሁት። ማንም እንዲህ ማሰብ አይችልም። ጋሽ ጆብ እንኳን አላሰበውም።»

«መቼ ነው ያሰብሽው?»

«ማክሰኞ። ምሳ ሳይደርስ ጨርሼዋለሁ።»

«ማክሰኞ» አሉ እትዬ ፔል።

«አዎ፣ ማክሰኞ» አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

የተጠቀለለ እጃቸውን ተመለከቱት፣ ከዚያ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ሁለት ቀን ሙሉ በጉልበቴ ስፈገፍግ እያየሽ ሻይ ጠጥተሻል፤ አዳንሁዎት አትበዪኝ። ባልዲሽን አንሺና ከደጄ ሂጂ፣ ትገሚያለሽ።»